የመጻሕፍት ዘውግ አመዳደብና የሽያጭ ቆጠራ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ የሚቆጠረውን መለየት

ሥራው ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ሦስት የመጻሕፍት መደብሮችና ከእነሱ እየወሰዱ የሚሸጡ አዟሪዎች በየሳምንቱ የሸጡትን አንድ ሠንጠረዥ ላይ ማምጣት፣ ከዚያም የትኛው ዘውግ ስንት ቅጂ እንደሸጠ ማውጣት። ውጤቱ የሚሠራው ለአሳታሚ ነው። ቀጣዩን ኅትመት 1,000 ላድርገው ወይስ 3,000 ብሎ ሲያስብ ዛሬ በእጁ ያለው «ልብ ወለድ ቀዝቅዟል፣ የሚሄደው ሥነ ልቦና ነው» የሚል የገበያ ወሬ ነው። በወሬ የታተመ 3,000 ቅጂ መጋዘን ሲቀር ገንዘቡ እዚያው ይታሰራል፤ ተራውን ሲጠብቅ የነበረ ሌላ ደራሲም ሳይታተም ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩ በትክክል መያዝ አለበት።

መጀመሪያ የተጻፈው ደንብ፦ የታተመ፣ የተሰራጨ እና የተሸጠ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሽፋን ላይ «5ኛ እትም» ተብሎ መጻፉ ስለ ሽያጩ ብዙ አይነግርም። አንዱ አሳታሚ 500 እያለ ያሳትማል፣ ሌላው በአንድ ጊዜ 5,000 ያወጣል። አከፋፋይ «አልቋል» ሲልም ከእኔ መጋዘን ወጥቷል ማለቱ ነው፤ መጽሐፉ ሐዋሳ ወይም ደሴ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እዚህ የሚቆጠረው አንባቢ ከፍሎ የወሰደው ብቻ ነው።

በውጭ አገር ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ቡክስካን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 በኒልሰን የተጀመረና ዛሬ ሰርካና በሚባለው ኩባንያ ሥር ያለ አገልግሎት ነው፤ ከመደብሮች የሽያጭ ማሽን በአይኤስቢኤን (በመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) እየለቀመ ቅጂ ይቆጥራል። ኒው ዮርክ ታይምስ ከ1931 ጀምሮ የሚያወጣው ዝርዝር ግን ከሚመርጣቸው መደብሮች ሪፖርት ተነሥቶ በራሱ ስሌት የሚመዝነው ነው፤ የየመጽሐፉን የቅጂ ብዛትም አያትምም። እኛ የቡክስካንን መንገድ ያዝን። ቁጥሩ ሲያጠራጥር ወደ ደረሰኙ ተመልሶ ማጣራት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ፦ አይኤስቢኤን

ቆጠራው የሚቆመው በመለያ ቁጥሩ ላይ ስለሆነ ከመደርደሪያው በፊት ቁጥሩ ተመረመረ። የኢትዮጵያ መነሻ 978-99944 ነው፣ ቁጥሩን የሚሰጠውም ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ነው። ከአሥራ ሦስቱ አኃዝ ስምንቱ በመነሻው ይያዛሉ፣ የመጨረሻው የማረጋገጫ አኃዝ ነው። ለአሳታሚና ለርዕስ የሚቀሩት አራት ብቻ ናቸው። በዚህ መነሻ ሥር ሊወጣ የሚችለው እንግዲህ 10,000 ቁጥር ነው።

ማረጋገጫውን በእጅ ማስላት ይቻላል፣ ለመዝጋቢዎች ያስተማርነውም ይህንን ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት አኃዞች በተራ በ1 እና በ3 ይባዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ድምሩን ወደ ቀጣዩ አሥር ቤት የሚያደርሰው አኃዝ መጨረሻ ላይ ይገባል። 978-99944 ሁልጊዜ 117 ስለሚሰጥ ለአገር ውስጥ መጽሐፍ ሥራው አጭር ነው። ቀሪዎቹ አራት 4፣ 8፣ 1፣ 6 ቢሆኑ፦ 4 ሲደመር 24 ሲደመር 1 ሲደመር 18 ይሆናል 47፤ ከ117 ጋር 164፤ ወደ 170 ለመድረስ 6 ይጎድላል። የመጨረሻው አኃዝ 6 ካልሆነ አንድ ቦታ ስሕተት አለ።

ይህ ፍተሻ የማይዘው ስሕተት አለ፣ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነታቸው 5 ከሆነ ድምሩ በ10 ብቻ ስለሚቀየር ማረጋገጫው ትክክል ይመስላል። 16 ወደ 61፣ 27 ወደ 72፣ 38 ወደ 83 ሲገለበጥ ሠንጠረዡ ዝም ይላል። ባርኮድ ከሚያነብ ስካነር የመጣ ቁጥር ላይ ይህ አያጋጥምም፤ በእጅ በተጻፈው ላይ ግን አለ። ስለዚህ በእጅ የገባ ቁጥር ሁሉ ሁለተኛ ሰው ጮክ ብሎ እያነበበ ይመሳከራል።

ሌላው ምንጭ ባለ 10 አኃዙ አሮጌ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2007 በፊት የወጡ መጻሕፍት ላይ ያለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ፊቱ ላይ 978 ጨምሮ ይተወዋል፤ እንዲህ የተሠራ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው፣ ምክንያቱም የአሮጌው ማረጋገጫ በሌላ ስሌት፣ በ11 የሚሠራ ነው። መጨረሻው ላይ 10ን የሚወክል «ኤክስ» የሚታየውም ለዚህ ነው። ትክክለኛው አካሄድ የመጨረሻውን አኃዝ መጣል፣ 978 መጨመር፣ ማረጋገጫውን እንደገና ማስላት ነው።

ቁጥሩ ከመጽሐፉ ቋንቋ ጋር አይገናኝም። አንድ መዝጋቢ በ978-99944 የሚጀምረውን ሁሉ «አማርኛ»፣ ሌላውን ሁሉ «የውጭ» ብሎ መሙላት ጀምሮ ነበር፤ ቆመ። አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በአማዞን ያሳተመው የአማርኛ መጽሐፍ በ979-8 ይጀምራል፣ እስራኤል የታተመ በ978-965፤ አዲስ አበባ የታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደግሞ 99944 ይዞ ይመጣል። መነሻው የሚነግረው ቁጥሩ የተሰጠበትን አገር ወይም የቋንቋ ክልል ነው። በ979 የሚጀምር ቁጥር ወደ ባለ 10 አኃዝ የሚመለስበት መንገድም የለም።

ኤክሴል ላይ ያለው ችግር ትንሽ ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ዓምዱ «ቴክስት» (ጽሑፍ) ካልተደረገ ባለ 13 አኃዙ ቁጥር 9.78999 ኢ+12 ሆኖ ይታያል፤ በዚህ ሁኔታ በሲኤስቪ (በተራ ጽሑፍ በሚቀመጥ የሠንጠረዥ ፋይል) ከተቀመጠ የቀሩት አኃዞች ለዘለዓለም ይጠፋሉ፣ ሁሉም መጽሐፍ አንድ ቁጥር ይይዛል። በ0 የሚጀምር የእንግሊዝኛ አሮጌ ቁጥርም ዜሮውን ያጣል። ስለዚህ ዓምዱ መጀመሪያ ቴክስት ይደረጋል፣ ከዚያ ነው ቁጥር የሚገባው። ፋይሉም ሲቀመጥ ዩቲኤፍ-8 የሚለው ሲኤስቪ ይመረጣል፤ አለዚያ የአማርኛው ርዕስ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ኅዳር፦ ስካነርና መለያ ወረቀት

ወጪ፦ በዩኤስቢ የሚሰካ ስካነር፣ አንዱ 4,500 ብር፣ ለሦስት መደብር 13,500። መለያ ማተሚያውን አንዱ መደብር ነበረው። ኮምፒውተሮቹ የነበሩት ናቸው።

ስካነሩ ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው፤ ያነበበውን እንደተጻፈ አድርጎ ያስገባል። የአማርኛ ኪቦርድ ክፍት ሆኖ ሳለ ከተቃኘ ኮዱ ውስጥ ያለ የላቲን ፊደል ወደ ግዕዝ ፊደል ይለወጣል። መፍትሔው የመደብሩን የውስጥ ኮድ በሙሉ አኃዝ ማድረግ ነው። አንዳንድ የውጭ መጽሐፍ ላይ ከዋናው ባርኮድ አጠገብ ባለ 5 አኃዝ ትንሽ ባርኮድ አለ፤ በ5 ከጀመረ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ነው፣ 90000 ከሆነ ዋጋ አልተጻፈም ማለት ነው። ስካነሩ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቦ 18 አኃዝ ይልካል። በስካነሩ ማስተካከያ ወረቀት ላይ ይህን የሚያጠፋ ኮድ አለ፤ ካልተገኘ ሠንጠረዡ ላይ የመጀመሪያዎቹን 13 ብቻ መውሰድ ይበቃል።

ቁጥር የሌለው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ በተለይ የግጥም መድብል፣ የጸሎት መጽሐፍና በደራሲው ወጪ የታተመ። ለእነዚህ ከ20 እስከ 29 ባለው መነሻ የውስጥ ቁጥር ይሰጣል። ይህ መነሻ በዓለም አቀፉ አሠራር ለመደብር ውስጥ አገልግሎት የተተወ ስለሆነ ከማንም ምርት ጋር አይጋጭም። ሦስቱም መደብሮች ቁጥሩን ከአንድ ዝርዝር ይወስዳሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ካወጣ አንድ መጽሐፍ ሦስት ይሆናል።

የመለያው መጠን ላይ ቁጠባ አይሠራም። የአንድ መደበኛ ባርኮድ ስፋት 37.29 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 25.93 ነው፤ ወደ 80 በመቶ፣ ማለትም ወደ 29.83 በ20.74 ማሳነስ ይቻላል። ከዚያ ያነሰ መለያ ጠረጴዛ ላይ ተነብቦ ገበያ ላይ እምቢ ይላል። በሙቀት ብቻ የሚታተመው ርካሽ ወረቀት ለአዟሪ አይሆንም፣ ፀሐይ ላይ ይጠቁራል፤ የቀለም ሪባን የሚጠቀመው ይሻላል። የሚለጠፈውም ጀርባ ሽፋኑ ላይ ከታች ነው፣ የታተመውን ዋጋ ሳይሸፍን። ዋጋው ላይ ከተለጠፈ ገዢው ይልጠዋል።

በጣም የሚያስቸግረው ግን አንድ ቁጥር ሁለት መጽሐፍ ላይ ሲገኝ ነው። ቅጽ አንድና ቅጽ ሁለት አንድ ቁጥር ይዘው ይወጣሉ፤ ወይም ደራሲው ለመጀመሪያ መጽሐፉ የተሰጠውን ቁጥር ሁለተኛው ላይም ያትመዋል። ደንቡ እንዲህ ተባለ፦ በስካን ጊዜ ርዕሱ ከመዝገቡ ካልገጠመ ለሁለተኛው መጽሐፍ የውስጥ ቁጥር ይሰጣል፣ መለያው በታተመው ባርኮድ ላይ ይለጠፋል፣ አሳታሚውም ይነገረዋል። በሌላ በኩል ምንም ሳይለወጥ የታተመ ዳግም ኅትመት የድሮ ቁጥሩን እንደያዘ ይቀጥላል፣ ልክም ነው። ይዘቱ የተሻሻለ እትምና ደረቅ ሽፋን ያለው ግን የየራሳቸው ቁጥር ይገባቸዋል።

ኅዳር መጨረሻ፦ ርዕስና ስም ማመሳከር

መደብሮቹ የድሮ ሽያጫቸውን በርዕስ ብቻ ነበር የያዙት። ሦስቱን ዝርዝር ስናገናኝ አንዱ መጽሐፍ በአራት አጻጻፍ መጣ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። «መጽሐፍ» የሚለው ቃል ብቻውን መጽሐፍ፣ መጽሃፍ፣ መፅሐፍ፣ መፅሃፍ እየተባለ ይገባል።

የተሠራው፦ ሁለት ዓምድ። አንዱ ርዕሱን ሽፋኑ ላይ እንዳለ ይይዛል፣ አይነካም። ሁለተኛው የማመሳከሪያ ቁልፍ ነው፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ያመጣል፣ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፣ ጐን ወደ ጎ፣ ኰን ወደ ኮ ይለውጣል፣ የድሮውን ሁለት ነጥብ (፡) እና ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ ያጠፋል። ሁለተኛው ለማሽን ነው፣ ለአንባቢ አይታተምም። ቁልፉ ብቻውን ግን አይበቃም፣ አንድ ርዕስ ያላቸው የተለያዩ መጻሕፍት አሉ። ስለዚህ ርዕስ፣ የደራሲ ስምና የገጽ ብዛት አብረው ካልገጠሙ ሁለት መዝገብ አንድ አይደረግም።

የደራሲ ስም ላይ አንድ ደንብ ብቻ፦ በራሱ ስም ይደረደራል። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ወደ ፊት ያመጣና ደራሲውን በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ያስቀምጠዋል። ዶ/ር፣ ቀሲስ፣ ብላታ፣ ሻምበል የመሳሰሉት ማዕረጎች የራሳቸው ዓምድ አላቸው፤ ስሙ ፊት ከተቀመጡ ግማሹ ደራሲ «ዶ» ሥር ይሰበሰባል።

የኅትመት ዓመቱ እንደታተመ በዓመተ ምሕረት ይያዛል። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ሁለቱም አቆጣጠር ካለ ሁለቱም ይገባል፤ አንዱ ብቻ ካለ በግምት ሌላው አይሞላም። 2016 ዓ.ም. የ2023ም የ2024ም ሊሆን ይችላል።

ታኅሣሥ፦ ዘውጉ

የሥራው አስኳል እዚህ ነው። የዘውግ ቁጥር የሚበላሸው ሽያጩ ሲደመር ሳይሆን መጽሐፉ መጀመሪያ ሲመዘገብ ነው።

የመደብሮቹ መደርደሪያዎች ስም ይህን ይመስላል፦ ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ታሪክ፣ ትርጉም፣ ሥነ ልቦና፣ መንፈሳዊ፣ የልጆች፣ አጋዥ፣ ልዩ ልዩ። ገዢውን ወደሚፈልገው ቦታ ለማድረስ ጥሩ ናቸው። ለቆጠራ ግን አይሆኑም፣ ለአራት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ የሚመልሱ ናቸውና። «ግጥም» ስለ ቅርጹ ይናገራል፣ «ታሪክ» ስለ ጉዳዩ፣ «የልጆች» ስለ አንባቢው፣ «ትርጉም» ስለ ምንጩ።

በምሳሌ፦ 100 ቅጂ ተሸጠ እንበል። 30 ወጥ ልብ ወለድ፣ 25 የተተረጎመ ልብ ወለድ፣ 20 የተተረጎመ ሥነ ልቦና፣ 25 ታሪክ። በመደርደሪያ ስም ሲደመር ትርጉም 45፣ ልብ ወለድ 30፣ ታሪክ 25 ይላል፣ ሥነ ልቦና ዜሮ ነው። በቅርጽና በጉዳይ ሲደመር ልብ ወለድ 55፣ ታሪክ 25፣ ሥነ ልቦና 20። ያው 100 ቅጂ ነው። ከመጀመሪያው ሠንጠረዥ ተነሥቶ «ልብ ወለድ ቀዝቅዟል» የሚል ሰው ዋሽቷል አይባልም፤ መዝገቡ ያለውን ነው የደገመው።

ሦስት የተዘጋጁ ሥርዓቶች ታዩ።

ዴዊ የቤተ መጻሕፍት ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ይቀመጣል። ለቤተ መጻሕፍት የሠራው ለገበያ የማይሠራበት ምክንያት ሥነ ጽሑፍን በመጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ መከፋፈሉ ነው፤ ከሩሲያኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ 891.73 ይሆናል። ፍቅርና ወንጀልን የሚለይ መደብም በአማርኛው ሥር የለውም።

ቢሳክ የአሜሪካ መጽሐፍ ንግድ ኮድ ነው፣ ሦስት ፊደልና ስድስት አኃዝ፤ ኮዱን የሚመድበው አሳታሚው ራሱ ነው። ከሦስት በላይ ባይሰጥ ይመከራል፣ መጀመሪያ የተጻፈው ዋናው ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፣ የውጭ መደብርና ቡክስካን የሚያውቁት እሱን ነው። እዚህ ግን የታሪክ መደርደሪያችን በሞላ ጎደል «ታሪክ፣ አፍሪካ፣ ምሥራቅ» በሚል አንድ ኮድ ይዋጣል። ከአድዋ እስከ ደርግ ያለው ሁሉ አንድ ቁጥር ከሆነ ለአሳታሚ ምንም አይነግረውም።

ቴማ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። ጉዳዩን በአንድ ኮድ፣ ቦታን፣ ቋንቋን፣ ዘመንን፣ የትምህርት ደረጃንና የአንባቢ ዕድሜን በሌሎች ገላጭ ኮዶች ይይዛል። ኮዱ በረዘመ ቁጥር ይጠባል፣ ከቀኝ አንድ ፊደል ሲቆረጥ ወደ ሰፊው መደብ ይመለሳል። «ኤፍ» ልብ ወለድ ነው፣ «ኤፍ-ኤፍ» ወንጀልና ምሥጢር፣ «ኤፍ-አር» የፍቅር፣ «ኤፍ-ቪ» ታሪካዊ፤ «ዲ-ሲ» ግጥም፣ «ዲ-ዲ» ተውኔት። ለማጠቃለያ ሠንጠረዥ ይህ በጣም ይመቻል።

ስለዚህ የቴማን አወቃቀር ይዘን ስያሜውን ከገበያው ወሰድን። አራት ዓምድ፦

ቅርጽ፦ ረጅም ልብ ወለድ፣ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድብል፣ ግጥም፣ ተውኔት፣ ወግና መጣጥፍ፣ ኢ-ልብ ወለድ፣ ማጣቀሻ። አንድ ብቻ ይመረጣል።
ጉዳይ፦ እስከ ሁለት፤ በድምሩ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ነው።
አንባቢ፦ ልጅ፣ ወጣት፣ አዋቂ፣ የክፍል ተማሪ።
ምንጭ፦ ወጥ፣ ትርጉም፣ ውርስ ትርጉም (ታሪኩ ወደ አገር ቤት ተለውጦ የተተረጎመ)።

የቴማ ኮድ በአምስተኛ ዓምድ ተይዟል፣ አንድ ቀን ወደ ውጭ አከፋፋይ የሚላክ መረጃ ሲያስፈልግ ለመጠቀም። «ልዩ ልዩ» ተሰርዟል። መዝጋቢ ሲደክመው ሁሉን ነገር እዚያ ይከታል።

ጥር፦ አስቸጋሪ መጻሕፍት

ሁለት መዝጋቢዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት መጻሕፍት መደቡ። ቅርጽና ምንጭ ላይ ብዙም አልተለያዩም። ጉዳይ ላይ ግን ተለያዩ፣ ልዩነቱም የተበተነ አልነበረም፤ በጥቂት ቦታ ተከማችቷል። ለእያንዳንዱ ውሳኔ ተጻፈ።

የባለሥልጣናትና የታጋዮች ማስታወሻ። ገበያው ላይ ትልቅ ድርሻ ያለው ስለሆነ ወደየትም ቢጣል ድምሩን ያዘነብላል። አንዱ መዝጋቢ ፖለቲካ አለው፣ ሌላው ታሪክ። ውሳኔ፦ ደራሲው የራሱን ሕይወት ተከትሎ ከጻፈ ግለ ታሪክ፣ የሌላ ሰውን ከሆነ የሕይወት ታሪክ፤ እሱ የነበረበትን ክስተት ይዞ ሰነድና የሌሎችን ቃል እየጠቀሰ ከሄደ ታሪክ። የሚታየው ማውጫው ነው። ምዕራፎቹ ከልጅነት ተነሥተው በዕድሜ ከሄዱ ነገሩ ያለቀለት ነው። ፖለቲካ ሁለተኛ ጉዳይ ሆኖ ይገባል።

ታሪካዊ ልብ ወለድ። ሽፋኑ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው መስመር ዘውግ አይወስንም። የገጸ ባሕርያት ንግግርና ውስጣዊ ሐሳብ ደራሲው የፈጠረው ከሆነ ቅርጹ ልብ ወለድ ነው፣ ጉዳዩ ታሪካዊ። ንጉሡ እውነተኛ ሰው መሆናቸው አይለውጠውም።

ሥነ ልቦናና መንፈሳዊ። ሰባኪ የጻፈው ስለ ትዳር ወይም ስለ ጭንቀት የሚያስተምር መጽሐፍ የት ይግባ? መከራከሪያው በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርኣን ጥቅስ የሚቆም ከሆነ መንፈሳዊ፣ ጥቅሱ ማስዋቢያ ከሆነ ሥነ ልቦና። ይህን ለመለየት ከመጽሐፉ መካከል ሦስት ገጽ ከፍቶ ማየት ይበቃል።

መንፈሳዊው ራሱ ተከፈለ፦ የጸሎት መጽሐፍ፣ ገድልና ድርሳን፣ ትምህርትና ስብከት፣ የቤተ እምነት ታሪክ፤ ከዚያ በእምነት። አለመክፈሉ ብዙ ያበላሻል። ውዳሴ ማርያምና መዝሙረ ዳዊት ዓመቱን ሙሉ በእኩል ፍጥነት የሚሸጡ ናቸው፤ አዲስ የወጣ የስብከት መጽሐፍ ከእነሱ ጋር ሲደመር መነሣት መውደቁ አይታይም። ግዕዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመበት መጽሐፍ ሁለት ቋንቋ ይያዝለታል። ደራሲ የሌለው ገድል ደራሲው ባዶ ይተዋል፣ አሳታሚው ማኅበር ደራሲ ተደርጎ አይገባም።

ውርስ ትርጉም። ቦታውና ስሙ ወደ አገር ቤት ተለውጦ፣ አንዳንዴም የመጀመሪያው ደራሲ ሳይጠቀስ ይመጣል። የርዕሱ ገጽ ላይ ወይም መግቢያው ላይ ምልክት ካለ በዚያው ይያዛል፤ ከሌለ ጥርጣሬ በማስታወሻ ዓምድ ይጻፋል እንጂ ምንጩ አይለወጥም።

ወግ የራሱ ቅርጽ እንዲሆን የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። የውጭው ሥርዓት ከመጣጥፍ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ እዚህ ግን የራሱ አንባቢ አለው፣ ለብቻው ቢቆጠር ይገባዋል።

በፍጥነት ረገድ የመብት ገጹ (ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለው) የተሟላ ከሆነ አንድ ሰው በሰዓት ሃያ አምስት ያህል መጽሐፍ ይመዘግባል። አስቸጋሪዎቹ ተለይተው ለብቻ ሲሠሩ ነው እንዲህ የሚሆነው።

አንድ ተጨማሪ ደንብ፦ መደብ ሲቀየር አሮጌው አይሰረዝም፣ የተቀየረበት ቀን ይያዛል። ቢሳክ የወጣቶችን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2015ቱ እትም ከልጆች ለይቶ የራሱ ክፍል አደረገው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን የልጆች ሽያጭ ያለ ማስተካከያ የሚያነጻጽር ሰው ያልተፈጠረ መቀነስ ያያል።

የካቲት፦ ሳምንቱና የአዟሪ ሒሳብ

ሳምንቱ ሰኞ ይከፈታል፣ እሑድ ማታ ይዘጋል። በወር መቁጠር ተትቷል። አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን መሆናቸው ይመቻል፣ ጳጉሜን ግን 5 ወይም 6 ቀን ናት፤ በወር ግራፍ ላይ ብቻዋን ስትቆም ገበያው የወደቀ ይመስላል። ቀኑ ከስር በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዝና ለዕይታ ይቀየራል። ቀያሪው ቀመር መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 የሚያደርግ ከሆነ ይሳሳታል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው አዲስ ዓመት 12 ላይ ይውላል፣ የ2016 መስከረም 1 እንደዚያ ነበር።

የአዟሪ ሽያጭ በስካነር አይገኝም። መጽሐፉን በአደራ ወስዶ ሲሸጥ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ በስሌት ይወጣል፦ ሳምንቱ ሲጀምር እጁ ላይ የነበረ፣ ሲደመር የወሰደው፣ ሲቀነስ የመለሰው፣ ሲቀነስ ሲዘጋ የቀረው። የጠፋና ዝናብ ያበላሸው እዚህ ውስጥ ሽያጭ መስሎ ይገባል፤ አዟሪው ከነገረን ይቀነሳል። መጀመሪያ የሞከርነው አዟሪው የወሰደውን እንደተሸጠ መቁጠር ነበር። በዚያ ስሌት አዲስ መጽሐፍ በወጣበት ሳምንት ቁጥሩ ይሰቀላል፣ ተመላሹ ሲመጣ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እሑድ ማታ ክምሩን አንድ በአንድ መቁጠር ጊዜ ቢወስድም ሌላ መንገድ የለውም።

ጅምላ ግዢ፦ አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ 200 ቅጂ ቢወስድ 200 አንባቢ መጽሐፉን መረጠ ማለት አይደለም። ኒው ዮርክ ታይምስ መደብሮች የጅምላ ትእዛዝ መኖሩን ሲያሳውቁት ርዕሱ አጠገብ የጩቤ ምልክት (†) ያደርጋል። እኛ በአንድ ደረሰኝ ከ10 ቅጂ በላይ ሲሆን «ጅምላ» የሚል ምልክት እናስገባለን፤ ድምሩ ከነጅምላና ያለ ጅምላ ሁለቴ ይወጣል። የምረቃ ዕለት አዳራሽ ውስጥ የተሸጠውም የራሱ ምልክት አለው። ሽያጭ ነው፣ ግን የደራሲውን ወዳጆች ነው የሚለካው።

ቅጂና ብር በየራሳቸው ዓምድ ይሄዳሉ። አንድ ቁጥር ያለው መጽሐፍ የድሮ ዋጋው ታትሞበት፣ በላዩ አዲስ ዋጋ ተለጥፎበት፣ በቅናሽም ይሸጣል። በብር ብቻ ሲታይ ዋጋ የጨመረ ዘውግ አንባቢ የጨመረ ይመስላል።

ያገለገለ መጽሐፍ አይቆጠርም። ያለ ፈቃድ የተባዛ ቅጂ ግን ያንኑ ባርኮድ ይዞ ስለሚመጣ ስካነሩ አይለየውም፤ የሚለየው የአቅራቢ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ የሌለው ቅጂ በአሳታሚው ድምር ውስጥ አይገባም።

አጋዥ መጻሕፍት ከጠቅላላው ድምር ተለይተው ለብቻ ይቆማሉ። መስከረም ላይ ሲገቡ የሌላውን ዘውግ ሁሉ ድርሻ ያሳንሱታል፣ የሌላው ሽያጭ ግን ምንም አልሆነም።

መጋቢት፦ ሠንጠረዡ ሲወጣ

ሠንጠረዡ ከፒቮት ቴብል (ከኤክሴል የማጠቃለያ ሠንጠረዥ) በቀጥታ ይወጣል፦ ቅርጽ በረድፍ፣ ሳምንት በዓምድ፣ ምንጭ በማጣሪያ። የሁሉም ራስጌ ላይ ስንት መደብርና ስንት አዟሪ ሪፖርት እንዳደረገ ይጻፋል፤ ያልላከ መደብር ባዶ ይተዋል፣ ዜሮ አይሞላለትም።

የመንፈሳዊው ድርሻ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ከእውነቱ ያንሳል፣ ለአሳታሚም ይህ ተነግሮ ነው የሚሰጠው። በየደብሩ ደጃፍ ያሉ የንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች፣ የእስልምና መጻሕፍት ሱቆችና የአብያተ ክርስቲያናት የራሳቸው መሸጫዎች በቆጠራው ውስጥ አልገቡም። ቡክስካንም ቢሆን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በዝግጅት ላይ በቀጥታ የሚሸጠውን አያገኝም። ዋሽንግተን አካባቢ በምረቃና በማኅበር ስብሰባ የሚሸጠው የአማርኛ መጽሐፍ በዚያም በዚህም አይቆጠርም። በቁጥሩ የመንፈሳዊን ዘውግ ከልብ ወለድ ጋር ማወዳደር ስለዚህ አይቻልም፤ መንፈሳዊን ከራሱ ያለፈ ሳምንት ጋር ማወዳደር ግን ይቻላል።

ሚያዝያ ላይ አራተኛ መደብር ይገባል። መጀመሪያ ክምችቱን በሙሉ ቆጥሮ በአራቱ ዓምድ ይመድባል፣ ሽያጩ ከዚያ ቀጥሎ ካለው ሰኞ ይያዛል። ከገባ በኋላ ድምሩ «ነባር ሦስት» እና «ሁሉም» ተብሎ ለሁለት ይወጣል፣ ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው። አለዚያ እሱ የተጨመረበት ሳምንት አንባቢ የበዛበት ሳምንት ይመስላል።